ተቀበል፦ ከሞጣ ወደ ሀገር ፍቅር ቴያትር ቤት

የአማርኛ ተውኔት ታሪክ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሚነገረው ባጭሩ ነው። በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በሩሲያ ተምረው ወደ አገራቸው ተመለሱ፤ በ1910ዎቹ ውስጥ «ፋቡላ፡ የአውሬዎች ኮሜዲያ» የተባለውን ድርሰታቸውን አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ሆቴል ለመኳንንቱ አሳዩ፤ ድርሰቱ ሹማምንትን የሚነካ ሆኖ በመገኘቱ ታገደ፤ ከዓመታት በኋላ ደግሞ እነ ዮፍታሔ ንጉሤ በየትምህርት ቤቱ ተውኔት ማሳየት ጀመሩ። መምህሩ ይህን ሰሌዳ ላይ ይጽፋል፤ ተማሪው ይገለብጣል፤ በፈተና ላይ «የመጀመሪያው የአማርኛ ተውኔት ምን ይባላል?» የሚል ጥያቄ ይመጣል። እኔም ሞጣ ውስጥ አማርኛ ባስተማርሁባቸው ዓመታት ይህንኑ ስጽፍና ሳስገለብጥ ኖሬያለሁ።

አንድ ቀን ታዲያ ከገጠር የመጣ ተማሪ እጁን አወጣና፣ «መምህር፣ ቴያትር ከውጭ የመጣ ከሆነ በሠርግ ቤት አዝማሪው አንዴ ሙሽራውን፣ አንዴ አማቱን እየሆነ የሚያሥቀን ነገር ምን ሊባል ነው?» ሲል ጠየቀኝ። «እሱማ ጨዋታ ነው» አልሁት። ልጁ ተቀመጠ። መልሴ እንዳላረካው ከፊቱ ማወቅ ይቻል ነበር።

እኔንም አላረካኝም። ዕለቱን ማታ ለሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ስዘጋጅ ከዮፍታሔ ተውኔቶች የአንደኛውን ርእስ እንደ ገና አነበብሁት። ርእሱ «ጥቅም ያለበት ጨዋታ» ይላል። ብዙ ጊዜ ሰሌዳ ላይ የጻፍሁት ርእስ ነው፤ ቃሉን ግን ልብ ብዬው አላውቅም ነበር። ተማሪዬን ዝም ያሰኘሁበት ቃል ከአማርኛ ተውኔት ፈር ቀዳጆች አንዱ ሥራውን የሰየመበት ቃል ሆኖ ተገኘ። ነገሩ በዚህም አያበቃም። ዛሬ በጥናት ቋንቋችን የምንጠቀምበት «ተውኔት» በግእዝ «ተዋነየ» ከሚለው ግሥ የወጣ ነው፤ ትርጉሙም ተጫወተ ማለት ነው። ስለዚህ «እሱማ ጨዋታ ነው» ስል ሳላውቀው «እሱማ ተውኔት ነው» ማለቴ ነበር። በቅኔ ቤት ትውፊት ደግሞ ቅኔን አደላደለ የሚባለው የጎንጁ ሊቅ ስሙ ተዋነይ ነው። ጎንጅ ከሞጣ ሩቅ አይደለም። በአንድ በኩል የመድረክ ሰው የምንጠራበት ቃል፣ በሌላ በኩል የቅኔ አባት ስም መሆኑ ለአንድ የአማርኛ መምህር ዝም ብሎ የሚታለፍ አይደለም። ይህ ብቻውን ማስረጃ ይሆናል አልልም፤ የቃል ዝምድና የታሪክ ዝምድናን አያረጋግጥም። ጥያቄውን ግን ይከፍተዋል። ይህ ጽሑፍ በዚያ ጥያቄ ምክንያት ያደረግሁትን አንድ ጉብኝትና ከጉብኝቱ በኋላ የደረስሁበትን ሐሳብ ያቀርባል።

በ1999 ዓ.ም. ክረምት ለትምህርት ወደ አዲስ አበባ መጣሁ። ከሞጣ በደብረ ወርቅና በቢቸና አልፎ ደጀን ወርዶ፣ የዓባይን በረሃ ተሻግሮ አዲስ አበባ መግባት በአውቶቡስ ቀን ሙሉ የሚፈጅ መንገድ ነበር። ከትምህርቱ ሰዓት ውጭ ባገኘሁት በመጀመሪያው ቀን ወደ ፒያሳ ወጥቼ ሀገር ፍቅር ቴያትር ቤትን ፈለግሁ። እውነቱን ለመናገር ቤቱን በሐሳቤ የሣልሁት በጣም ትልቅ አድርጌ ነበር። በመጻሕፍት ውስጥ በኢትዮጵያ የመጀመሪያው፣ በአፍሪካም ከቀደምቶቹ የአገር ተወላጅ ቴያትር ቤቶች አንዱ እየተባለ ሲነገርለት የኖረ ቤት ነውና እንደ ካቴድራል ሳይሆን አይቀርም ብዬ ነበር። ያገኘሁት ግን በፒያሳ ሕንጻዎች መካከል ጎላ ብሎ የማይታይ፣ ማስታወቂያው ባይኖር አልፌው የምሄድ ቤት ነው። ቀድሞ የመዝናኛ ቤት እንደ ነበረም ይነገራል።

በሩ ላይ አንድ አዛውንት ተቀምጠዋል። «አባቴ፣ ውስጡን ማየት ይፈቀዳል?» አልኋቸው።

«ቴያትር ባለ ቀን ና፣ ልጄ። ትኬት ትቆርጥና ታያለህ።»

«ቴያትሩን ሳይሆን ቤቱን ነበር ለማየት የፈለግሁት። ከሞጣ ነው የመጣሁት።»

«ቤቱን ብቻውን?» አሉና ሣቁ። «ሰው ያልገባበት ቴያትር ቤት ምኑ ይታያል? ግባ፣ እይ እንግዲህ።»

ገባሁ። አዳራሹ ትንሽ ነው፤ መድረኩም እንደዚሁ። ከኋለኛው ረድፍ ሆኜ መድረኩ ላይ ሁለት ሰዎች በተራ ድምፅ ሲያወሩ ቃላቸው ሳይደናቀፍ ደረሰኝ። እዚያ ቤት ውስጥ ተዋናይና ተመልካች ተራርቀው ሊቀመጡ አይችሉም። ይህን ትንሽነት መጀመሪያ ላይ እንደ ድህነት ቆጥሬው ነበር። እያደር ግን የቤቱ ታሪክ ቁልፉ እሱ መሰለኝ።

የኢትዮጵያ ሀገር ፍቅር ማኅበር የተቋቋመው በ1927 ዓ.ም. መጨረሻ፣ በሐምሌ ወር፣ የፋሽስት ኢጣልያ ጦር ድንበር ላይ በሚከማችበት ጊዜ ነው። ከመሥራቾቹ ዋናው መኰንን ሀብተ ወልድ ነበሩ። ዓላማውም ቴያትር ማሳየት አልነበረም፤ ሕዝቡን ለመጣው ጦርነት ማዘጋጀት ነበር። ስለዚህ ንግግር ይደረጋል፣ ግጥም ይነበባል፣ ፉከራና ሽለላ ይሰማል፣ ይዘፈናል። በዚህ ሥራ ውስጥ ከነበሩት የቅኔ ሰዎች አንዱ ቀኝ ጌታ ዮፍታሔ ንጉሤ ናቸው። ዮፍታሔ የደብረ ኤልያስ ልጅ ናቸው፤ የጎጃም ቅኔ ቤት ያፈራቸው፣ አዲስ አበባ መጥተው መምህር የሆኑ፣ ለትምህርት ቤት ልጆች ዜማ ያለው ተውኔት የደረሱ ሰው። በ1939 ዓ.ም. እስኪሞቱ ድረስ ቅኔውን ከመድረክ፣ መድረኩንም ከቅኔ አልለዩም። ሕይወታቸውንና ጽሑፋቸውን ያጠኑት ዮሐንስ አድማሱ ባይኖሩ ኖሮ ከዚህም ያነሰ እናውቅ ነበር።

ከነጻነት በኋላ ማኅበሩ እንደ ገና ተቋቁሞ ወደ ቴያትር ቤትነት አደገ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሴቶች ወደ መድረክ ስለማይወጡ የሴቷን ቦታ የሚጫወቱት ወንዶች ነበሩ። ተውኔቱ ብቻውን አይቀርብም፤ ክራርና ማሲንቆ፣ ዘፈንና ውዝዋዜ ይቀላቀሉበታል። ኢዮኤል ዮሐንስ ለዚህ መድረክ እጅግ ብዙ ተውኔቶች ደርሰዋል። ቡድኑ በአዲስ አበባ ብቻ አይወሰንም ነበር። ጥላሁን ገሠሠ ወሊሶ በራስ ጎበና ትምህርት ቤት ተማሪ ሳለ ኢዮኤል ዮሐንስ፣ ንጋቷ ከልካይና ሌሎች የሀገር ፍቅር ሰዎች መጥተው ሲጫወቱ ማየቱ የታወቀ ታሪክ ነው። ልጁ ከዚያ በኋላ ወደ አዲስ አበባ ኰብልሎ በዚያው ቤት ጀመረ። እንግዲህ ይህ ቤት ያለ ሰፊ አዳራሽ፣ ያለ ትልቅ መጋረጃ፣ በትምህርት ቤት ግቢ ውስጥም ቢሆን ሥራውን ሊሠራ የሚችል ቴያትር ነበረው ማለት ነው። ምን ዓይነት ቴያትር ነው?

ለዚህ መልስ ፍለጋ ወደ አገሬ ልመለስ። በእኛ አገር አዝማሪ ማሲንቆውን ይዞ ጠጅ ቤት ወይም ሠርግ ቤት ሲገባ ግጥሙን ሁሉ እሱ አይፈጥረውም። ከተቀመጡት አንዱ «ተቀበል!» ይላል። ሁለት ስንኝ ይሰጣል። አዝማሪው ያንኑ በዜማ አድርጎ ይመልሰዋል። ሌላው ደግሞ ከማዶ «ተቀበል!» ይላል። የግጥሙ ባለቤት ተመልካቹ ነው፤ አዝማሪው ድምፅ ነው። አዝማሪው ግን ባዶ ቱቦ አይደለም፤ አንዲት ቃል ሳብ ወይም ጠበቅ አድርጎ፣ የሰጪውን ፊት እያየ፣ ሰሙን ትቶ ወርቁን ያወጣበታል። ሰጪው ራሱ ያላሰበውን ነገር በራሱ ግጥም ውስጥ ይሰማና ይደነግጣል፤ ከዚያ ይሥቃል፤ ከዚያ ይሸልማል።

ይህ የጠጅ ቤት ልማድ ነው ብሎ የሚንቅ ቢኖር ወደ ቤተ ክርስቲያን ይዝለቅ። ወለተ እስራኤል በ18ኛው መቶ ዘመን እንደ ተከለችው በሚነገርለት በሞጣ ጊዮርጊስም ሆነ በዲማ ጊዮርጊስ፣ በበዓል ቀን በማሕሌቱ ላይ ቅኔ ሲቀርብ ባለ ቅኔው ራሱ አያዜመውም። ተቀባይ አለ። ባለ ቅኔው ቤት በቤት እየቆረሰ በቃል ይነግረዋል፤ ተቀባዩ ሰምቶ በዜማ ለጉባኤው ያሰማል። ዙሪያውን የቆሙት ሊቃውንት ደግሞ የሚሰሙት ለመደሰት ብቻ አይደለም፤ እያንዳንዱ ቤት ሲወድቅ ይመዝኑታል፤ ያማረ ከሆነ «ይበል!» ይላሉ። እዚህ ላይ ደራሲ አለ፣ ተዋናይ አለ፣ ተመልካች አለ፣ ሐያሲም አለ። የሌለው ነገር ወረቀት ነው። ቅኔው ያን ጊዜ ተፈጥሮ ያን ጊዜ ይሰጣል፤ በሰሚው አእምሮ ካልቀረ የትም አይቀርም።

የሀገር ፍቅርን የቀድሞ መድረክ በዚህ መነጽር ሳየው ብዙ ነገር ይገለጥልኛል። በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት «ፋቡላ»ን ሲጽፉ ከሐሳባቸው አንዱ ቴያትር ከዘፈንና ከጭፈራ የተለየ ነገር መሆኑን ማሳየት ነበር። አውሮጳ ውስጥ ያዩት ያንን ነው፤ ትክክልም ነበሩ። ሀገር ፍቅር ግን የለዩትን መልሶ አጋጠመው። ይህን የሚያዩ ሐያስያን ብዙውን ጊዜ «ኋላ ቀር ቅይጥ»፣ «ገና ተውኔት ያልሆነ ትርኢት» ብለው ያልፉታል። ምክንያቱም ሂሳችን የሚጀምረው ከታተመ መጽሐፍ ነው። ቃለ ተውኔቱ ታትሞ እጃችን ካልገባ፣ ገቢርና ትዕይንት ካልቆጠርን፣ ሴራውን በሥዕል ካላሳየን የምንለው የለንም። ከኢዮኤል ዮሐንስ ድርሰቶች ብዙዎቹ በመጽሐፍ መልክ ስላልወጡ በሥነ ጽሑፍ ታሪካችን ውስጥ አንድ ዐረፍተ ነገር ይሰጣቸውና ወደ ታተሙት እንሄዳለን። ይህ በእኔ እምነት ፍርደ ገምድልነት ነው። «ተቀበል» ብሎ ከሚጀምር ጥበብ የጸና ጽሑፍ መጠየቅ ከማሕሌት ላይ የትኬት ጉርድ እንደ መጠየቅ ነው።

የዮፍታሔን አንድ ርእስ ብቻ ልውሰድ፤ «አፋጀሽኝ»። ከአማርኛ ውጭ ላለ ሰው ይህ የሴት ስም ብቻ ነው። ለእኛ ግን ስሙ ራሱ ሙሉ ዐረፍተ ነገር ነው። በውስጡ የምትወቀስ ሴት አለች፤ የሚወቅሳት አለ፤ ተፋጅተው ያለቁ ሰዎችም አሉ። ሦስቱም በአንዲት ግሥ ውስጥ ታጭቀዋል። መጋረጃው ሳይገለጥ፣ ተዋናዩ ገና ሳይናገር ጠቡ ተጀምሯል። በጎጃም የሰው ስም እንዲህ ነው፤ እናት ለልጇ ስም ስታወጣ ለጎረቤቷ መልስ እየሰጠች ነው። ዮፍታሔ ይህን ከባላገሩ ተቀብለው ለመድረክ ሰጡት። ከውጭ የመጣ ተውኔት ቢሆን ኖሮ በርእስ ብቻ ይህን ያህል መሥራት ባልቻለ።

እስከዚህ ድረስ የተናገርሁት ምስጋና ነው። ሁለተኛው ግማሽ ምስጋና አይደለም፤ ለእኔም ከባዱ እሱ ነበር፤ ያደግሁበትን ነገር መንቀፍ አለበትና።

ተውኔት የሚቆመው በግጭት ነው። አንዱ ይላል፤ ሌላው እንቢ ይላል፤ ሁለቱም በየበኩላቸው እውነት አላቸው። «ተቀበል» ውስጥ ግን እንቢታ የለም። አዝማሪው የተሰጠውን ይቀበላል። የቅኔው ተቀባይ የተነገረውን ያዜማል። ቃሉ ከአንድ አፍ ወደ ሌላው ያልፋል እንጂ ቃል ከቃል ጋር አይጋጠምም። የቀድሞው የመድረክ ድርሰታችን ድክመቱ ከዚሁ የመጣ ይመስለኛል። ገጸ ባሕርያቱ ስማቸው ይለያያል፤ አንዱ ስስትን፣ አንዱ ትዕቢትን፣ አንዷ አገርን ትወክላለች፤ ድምፃቸው ግን የአንድ ሰው ነው። ደራሲው ለሁሉም «ተቀበል» ይላቸዋል፤ ሁሉም ይቀበሉታል። በመጨረሻ ክፉው ይቀጣል። «የሆድ አምላኩ ቅጣት» የሚለው የዮፍታሔ ርእስ ፍርዱን ከመጀመሪያው ይነግረናል፤ ተመልካቹ የሚጠብቀው ቅጣቱ እንዴት እንደሚደርስ እንጂ ይድረስ ወይ የሚለውን አይደለም።

ከዚህ የሚከፋው ደግሞ ቃሉን የሚሰጠው ማን ነው የሚለው ጥያቄ ነው። ጠጅ ቤት ውስጥ ግጥም የሚሰጠው ከተቀመጡት ማንኛቸውም ናቸው። በ1927 ዓ.ም. ሰጪው ማኅበሩ ነበር፤ ከማኅበሩ በስተጀርባም ቤተ መንግሥቱ። ያን ጊዜ አገር በሙሉ አንድ ቃል ስለ ፈለገ ይህ አላስነወረም። ሞጣ አጠገብ ዓባይን የሚያሻግረውን የፋሲልን ዘመን ድልድይ አርበኞች የሰበሩት በዚያው የወረራ ዘመን ነው፤ እስከ ዛሬ ሰባራ ድልድይ ይባላል። አዲስ አበባ በዘፈን፣ ሞጣ ድልድይ በመስበር አንድ ነገር ሲሉ ነበር። ጠላት ከወጣ በኋላ ግን ነገሩ ተለወጠ። ቢቸና የበላይ ዘለቀ፣ የአባ ኮስትር አገር ናት። አምስት ዓመት ፋሽስትን የተዋጋው በላይ ነጻነት በተመለሰ በአራተኛው ዓመት፣ በጥር 1937 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ተሰቀለ። በዚያችው ከተማ «ሀገር ፍቅር» የሚባል መድረክ ነበር። በዘመኑ ሳንሱር ሥር ያ መድረክ ስለዚያ ስቅላት በግልጽ ሊናገር ይችል ነበር ብዬ አላምንም። ቢቸና ውስጥ ግን ሙሾው ከአፍ ወደ አፍ ይሄድ ነበር፤ እናቶች ሰጡት፣ አዝማሪ ተቀበለው። በአገር ፍቅር ስም የተቋቋመው መድረክ ዝም ባለበት ጊዜ የአገር ፍቅርን ዋና ጥያቄ የያዘው ሠርግ ቤትና ልቅሶ ቤት ነበር።

ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ በየክፍለ ሀገሩ የኪነት ቡድን ተቋቋመ። የጎጃሙ ግሽ ዓባይ ኪነት ስመ ጥር ነበር። ስለ ሙዚቃው ክፉ አልናገርም፤ ብዙ ጥሩ ድምፅና ጥሩ ተወዛዋዥ ያፈሩ ቡድኖች ናቸው። በየቀበሌው ከዘፈኑ መካከል ይገባ የነበረው አጭር ድራማ ግን የ«ተቀበል» የመጨረሻው ውድቀት ነበር። መፈክሩ ከላይ ይመጣል፤ ተዋናዩ ይቀበላል፤ ተመልካቹ ግራ እጁን አንሥቶ ይደግማል። ወርቁ ወጥቶ ሰሙ ብቻ ቀረ።

እንቢታው ታዲያ የት ሄደ? ከመድረክ ውጭ ተጠልሎ ነበር። ሐዲስ ዓለማየሁ በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ የተማሩ ሰው ናቸው፤ ዮፍታሔ የወጡበትን ቅኔ ቤት ያውቁታል። በ1958 ዓ.ም. ያወጡት «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ ካሣ ዳምጤ የሚባል ሰው አለ። አገሩ ሁሉ «ጉዱ ካሣ» ይለዋል። ለምን ጉዱ ተባለ? ዘመዶቹና ጎረቤቶቹ «ተቀበል» ያሉትን ስለማይቀበል ነው። ፊታውራሪ መሸሻ በዘር ሲመኩ እሱ ይከራከራል፤ ክርክሩም የደራሲው ስብከት ብቻ አይደለም፤ የፊታውራሪውም ዓለም የራሱ ክብርና የራሱ ሐዘን አለው። በእኔ ግምት ከጎጃም ቅኔ ቤት ከወጡ ገጸ ባሕርያት ሁሉ ለመድረክ የተፈጠረው እሱ ነው፤ የተገኘው ግን ልብ ወለድ ውስጥ ነው። በመድረኩም ላይ በእነዚያው ዓመታት እንቢታው ሲገባ እናያለን። መንግሥቱ ለማ፣ የቅኔው ሊቅ የአለቃ ለማ ልጅ፣ «ያላቻ ጋብቻ» ውስጥ የቤት ሠራተኛውን ያገባውን የተማረ ወጣት ከቤተ ዘመዱ ጋር ሲያጋጥሙት ሥቁ የሚመጣው ማንም ለማንም ስለማይቀበል ነው። የጸጋዬ ገብረ መድኅን ነገር ሌላ ጽሑፍ ይፈልጋል።

እዚህ ላይ አንድ የልጅነት ትዝታ ልጨምር። በ1970ዎቹ በሬዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» በሚለው ዝግጅት ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ሲያነብ ሞጣ ውስጥ ሰዓቱ ሲደርስ ሱቅ ደጃፍ ሰው ይሰበሰብ ነበር። ሬዲዮ የሌለው ሬዲዮ ካለው ጋር ይቆማል። ወጋየሁ ከሀገር ፍቅር መድረክም ስሙ የማይለይ ተዋናይ ነው። ጉዱ ካሣን ሲሆን ድምፁ ይለወጣል፤ ፊታውራሪውን ሲሆን ይከብዳል። ከቆሙት ሽማግሌዎች አንዳንዶቹ ለካሣ ይፈርዱ ነበር፤ አንዳንዶቹ «ይሄ እብድ!» እያሉ ይቆጡ ነበር። ዛሬ ሳስበው በሕይወቴ ያየሁት የመጀመሪያው ቴያትር እሱ ነው። መድረክ አልነበረም፤ መጋረጃ አልነበረም። ጠብ ግን ነበር፤ ተመልካቹም ለሁለት ተከፍሎ ነበር።

ወደ ፒያሳ ልመለስ። አዛውንቱ እንደ መከሩኝ እሑድ ትኬት ቆርጬ ገባሁ። የዕለቱን ተውኔት ስሙን አልጠራም፤ ጉዳዬ እሱ አይደለም፤ ድርሰቱም ከዚያ ቀን ወዲህ ብዙ አላስቸገረኝም። ቀን ባዶውን ያየሁት አዳራሽ ግን ሌላ ቤት ሆኖ ጠበቀኝ። ተዋናዩ አንድ ነገር ጀምሮ ትንፋሽ ሲወስድ ከኋላ ወንበር አንዱ ቃሉን ይጨርስለታል፤ ተዋናዩ ሰምቶ ፊቱን ወደዚያ መለስ ያደርግና ከተጻፈው ውጭ አንዲት ቃል ጣል ያደርጋል፤ ቤቱ ይናጋል። ከጎኔ የተቀመጠች እናት ለሴቷ ገጸ ባሕርይ «አትመኚው!» እያለች ትመክራት ነበር። በ1948 ዓ.ም. ለንግሥናው 25ኛ ዓመት በዓል የተከፈተውና ኋላ ብሔራዊ ቴያትር የተባለው ትልቁ አዳራሽ ውስጥም ተመልካች ይሥቃል፣ ያጨበጭባል። እንዲህ መግባት ግን አይችልም፤ ርቀቱ አይፈቅድለትም። ትንሽነቱ የቤቱ ታሪክ ቁልፍ መሰለኝ ያልሁት ለዚህ ነው። ሀገር ፍቅር ቃል የሚቀባበሉበት ቤት ነው። አንዳንድ አዘጋጆች ይህን የተመልካች ጣልቃ ገብነት እንደ ሥርዓት ማጣት ይቆጥሩታል። እኔ ግን ያን ማታ «ይበል!» የሚል ሊቅ የሰማሁ ያህል ነበር። አንድ ልዩነት አለ፤ የእሑዱ ተመልካች የሚሰጠውን ሁሉ ተዋናዩ አልተቀበለም። አንዱን ሰምቶ እንዳልሰማ አለፈው፤ ሌላውን ገልብጦ መለሰለት፤ ሰጪው አፈረ። ከተጻፈው ድርሰት ይልቅ ተውኔቱ እዚያ ላይ ነበር።

በ2016 ዓ.ም. በፒያሳ ዙሪያ ብዙ አሮጌ ቤቶች ሲፈርሱ ዜናውን ስሰማ መጀመሪያ ያሰብሁት ሕንጻውን አልነበረም። ያሰብሁት እነዚያን ሰዎች ነበር። በቀድሞው መድረክ ላይ የተጫወቱ፣ ቃል ያስታወሱ፣ መጋረጃ የሳቡ፣ በየአውራጃው በመኪና የዞሩ ሰዎች የያዙት ታሪክ በወረቀት የለም። የትኛው ቃል ተመልካቹን እንዳስነሣ፣ የትኛው ቃል በሳንሱር ተሰርዞ በዓይን ጥቅሻ እንደ ተመለሰ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። የቅኔ ቤት ሰው ሊቅ ሲሞት «መጽሐፉ ታጠፈ» ቢል አይሳሳትም፤ እዚህ ግን መጽሐፉ መኖሩን እንኳ ያልመዘገብን እኛ ነን። የአማርኛ ትምህርት ክፍል ተማሪ ለመመረቂያ ጽሑፉ የታተመ ተውኔት ሲመርጥ፣ የአንድን አሮጌ ተዋናይ ቃል ቀድቶ መተንተንም እኩል የሥነ ጽሑፍ ሥራ ሆኖ ቢቆጠርለት ኖሮ ዛሬ ከዚህ የተሻለ ነገር በእጃችን ይኖር ነበር።

ያን ዓመት መስከረም ሞጣ ስመለስ የተውኔቱን ትምህርት በፋቡላ አልጀመርሁም። ማሲንቆ የሚችል ልጅ ከተማሪዎቹ መካከል ነበር፤ ያመጣ አልሁት። ክፍሉን ጠጅ ቤት አደረግነው፤ አንዷን ልጅ አዝማሪ አደረግናት፤ ወንዶቹ ይሥቃሉ፤ ሴት አዝማሪ ማየት ለምዶባቸው አይደለም። አንዱ ተነሥቶ «ተቀበይ!» አላትና ስለ ሴት ልጅ ሥራ አንድ ስንኝ ሰጣት። ተቀበለች። ሁለተኛው ሰጠ፤ ተቀበለች። ሦስተኛው የሰጣት ከሁለቱ የከፋ ነበር። ማሲንቆው ዜማውን እየጎተተ ጠበቃት። ልጅቱ ግጥሙን አላለችም። ወደ ሰጪው ዞረችና፣ «ይህንስ አንተው ዝፈነው» አለችው።

ክፍሉ ጸጥ አለ። ልጁ ከተቀመጠበት ተነሥቶ የሚለውን ይፈልግ ጀመር።